ፎቶው ምርመራ ነው ወይስ ሕክምና?

በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሂሳብ ክፍሉ የቀረበ ንግግር



የሂሳብ ክፍሉ ወደዚህ መድረክ ሲጠራ ምን እንደሚል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ይህን ያህል ገባ፣ ይህን ያህል ወጣ፣ እነ እገሊት የሦስት ወር መዋጮ አለባቸው። ያንን ሪፖርት ጠዋት ሰምታችኋል፤ አንደግመውም። አሁን የቆምነው ስለ አንድ የወጪ መደብ ለመናገር ነው። እንቅልፍ የነሳን መደብ ነው።

ነገሩ የጀመረው በአንዲት እናታችን እግር ነው። ስማቸውን ሳንጠራ ታሪካቸውን እንድንናገር ፈቅደውልናል፤ «ንገሩ፣ ሌላዋ ትወቅበት» ነው ያሉን። እኚህ እናታችን በአጠና ተራ በኩል ለረጅም ዓመት እንጀራ ጋግረው ሲያስረክቡ የኖሩ ናቸው። ስኳር አለባቸው። አንድ ቀን ፍም ረገጡ፤ ግን አልተሰማቸውም። ያወቁት ማታ እግራቸውን ሲታጠቡ ነው። አውራ ጣታቸው ላይ የወጣው ቁስል አልድን ብሎ ሰነበተና ሐኪም ቤት ሄዱ። ሐኪሙ እግራቸውን በእጁ ዳሰሰ፤ ቀዝቃዛ ነው። በእግራቸው ጀርባ ላይ የደም ሥር ትርታ ቢፈልግ አጣ። «ደም እየደረሰ አይደለም፤ የደም ሥሩ የት ጋ እንደጠበበ ማየት አለብን» ብሎ መድኃኒት እየተሰጠ የሚነሳ የእግር ደም ሥር ሲቲ ስካን አዘዘላቸው።

ወረቀቱን ይዘው ወደ እኛ መጡ። እኛም ደንቡን አወጣን። ደንባችን ማኅበሩ ለአልጋ፣ ለቀዶ ሕክምናና ለመድኃኒት እንደሚከፍል፣ የምርመራ ወጪ ግን የአባሏ እንደሆነ ይናገራል። አነበብንላቸው። በክፋት አልነበረም፤ ገንዘቡ የሁላችሁም ስለሆነ ከደንብ ውጪ አንድ ብር እንኳ ማውጣት አንችልም። እሳቸውም አልተከራከሩንም፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ገንዘቡ ከልጆችና ከጎረቤት እስኪዋጣ፣ ዓረብ አገር ያለችው ልጅ እስክትልክ ድረስ ሦስት ሳምንት አለፈ። ፎቶው ተነስቶ ሐኪሙ ሲያየው ጥቁረቱ ጣቱን አልፎ መሐል እግር ደርሶ ነበር። እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ።

ለዚያ ከፈልን። ከማመልከቻው እስከ ቼኩ አንድ ቀን አልፈጀም፤ ቀዶ ሕክምና ነዋ! ምናልባት በማኅበሩ ታሪክ ከዚያ የፈጠነ ክፍያ የለም። ቫውቸሩ ላይ ስንፈርም ነው እጃችን የከበደን። ደንባችን እግር ለመቁረጥ በዕለቱ የሚከፍል፣ እግሩን ለማየት ግን የማይከፍል ደንብ ነው ማለት ነው። ፎቶው በዚያው ሳምንት ቢነሳ ኖሮ እግራቸው ይተርፍ ነበር ብለን አንምልም፤ ስኳር የያዘው እግር ክፉ ነው። ግን ሦስቱን ሳምንት የወሰድንባቸው እኛ ነን።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ለማወቅ ጠየቅን፣ አነበብን፣ ሐኪም አስቸገርን። የሂሳብ ሰው አንድን ወጪ በየትኛው መደብ እንደሚመዘግብ ለመወሰን ወጪው ምን እንደሚሠራ ማወቅ አለበት። የሰማነውን በሚገባን ቋንቋ እንንገራችሁ። ዓመቶቹን የምንጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ስለ እግር ቁስል ማወቅ ለእኛ ሠፈር አዲስ አይደለም። ዘነበወርቅ ያለው አለርት ማዕከል ከ1965 ጀምሮ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክም የኖረ ነው። ከእኛ መካከል የዚያ አካባቢ ልጆች የሆናችሁ፣ ስሜት ያጣ እግር በየማታው መታየት፣ መታጠብ፣ ቅባት መቀባትና ጫማ ማግኘት እንዳለበት ከማንም በፊት ታውቃላችሁ። የስኳር እግርም እንዲያው ነው፤ ነርቩ ስለሚደክም ፍሙም ሚስማሩም አይሰማም። ስኳር ግን ሌላም እጅ አለው፤ ከልብ ወደ እግር ደም የሚያወርደውን የደም ሥር ያጠባል። ነርቡ ደክሞ የቆሰለ እግር ደም ከደረሰው ቀስ ብሎ ይድናል። ደም ካልደረሰው ግን ብታጥቡትም፣ ብትቀቡትም፣ ምንም ብታደርጉት አይድንም። መንገዱ መከፈት አለበት።

ያንን መንገድ ሳይቀዱ መክፈት የተጀመረው በ1964 በአሜሪካ፣ ኦሬገን ውስጥ ነው። ቻርልስ ዶተር የሚባሉ የራጅ ሐኪም ነበሩ። እግራቸው መበስበስ የጀመረ የ82 ዓመት ሴት መጡላቸው። ሌሎቹ ሐኪሞች ይቆረጥ ብለዋል፤ ሴትዮዋ ግን እምቢ፣ አልቆረጥም ብለዋል። ዶተር በቆዳ ላይ በተበሳች ትንሽ ቀዳዳ ቀጭን ሽቦ ወደ ደም ሥሩ አስገቡ፤ በሽቦው ላይ ቱቦ አስከትለው የጠበበውን ቦታ ገፋ ገፋ አድርገው አሰፉት። እግሩ ሞቀ፣ ሕመሙ ለቀቀ። እኚያ እናት ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ኖረው ያረፉት በሁለት እግራቸው እየሄዱ ነው። ዛሬ በቱቦው ፋንታ ጫፉ ላይ የሚነፋ ፊኛ አለ፤ እንደገና እንዳይጠብም ስቴንት የሚሉት እንደ ወንፊት ያለ የብረት ቱቦ ይቀመጥበታል። በሽተኛዋ አትተኛም፤ ብሽሽቷ ላይ ብቻ ማደንዘዣ ትወጋለች።

እንግዲህ አስቡት። ሐኪሙ ሆድ አልከፈተም፣ እግር አልቀደደም። እጁ ውጪ ነው፣ ሽቦው ግን ውስጥ ነው። ታዲያ በምን ያያል? በፎቶው ነው! ቀዶ ሐኪም ዓይኑ ከቢላዋው ጋር አብሮ ይገባል፤ የዚህ ሐኪም ዓይን ግን ስክሪኑ ላይ ነው ያለው። ፎቶው ምርመራ ነው ያልነው እዚህ ላይ ነው የተሳሳትነው።

ፎቶ ስንል ግን ሁሉም ፎቶ አንድ አይደለም። ሁላችንም የምናውቀው ራጅ ጥላ ነው። በ1895 ሮንትገን የሚባሉት ጀርመናዊ የባለቤታቸውን እጅ ከነቀለበቷ ሲያነሱ የታየው የአጥንትና የቀለበት ጥላ ነበር። የደም ሥር በራጅ ስለማይታይ አዮዲን ያለበት መድኃኒት ይወጋል፤ ያን ጊዜ ደሙ የሚሄድበት መንገድ ይጠቁራል። ያም ቢሆን ጥላ ነው፣ ጠፍጣፋ ነው። ጦር ኃይሎች አደባባይ ላይ በድልድይ የሚያልፈውንና ከሥር የሚያልፈውን መንገድ ወረቀት ላይ ብትስሉት የተገናኙ ይመስላሉ፤ አይገናኙም። ዘንግ ወደ ዓይናችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ብትይዙት ርዝመቱ አይታይም፤ ጫፉ ብቻ ነው የሚታየው። ከወገብ ወደ እግር የሚወርዱት የደም ሥሮች ደግሞ ዳሌ ውስጥ ወደ ኋላም ወደ ጎንም የሚጠማዘዙ ናቸው። ጥላቸውን ብቻ አይቶ ርዝመታቸውን መለካት ያሳስታል።

ሲቲ ስካን ያንን ፈታው። ድፎ ዳቦ በስሱ ስንቆርጥ እያንዳንዱ ቁራጭ መሐሉን ያሳየናል አይደል? መሣሪያውም በሽተኛዋን እየዞረ በራጅ እንደዚያ ይቆራርጣታል፤ ቢላዋ የለም እንጂ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ቁራጮቹን መልሶ ይደራርብና ዳቦውን ሙሉ ያደርገዋል። ያን ጊዜ ርዝመትና ስፋት ብቻ ሳይሆን ጥልቀትም አለው፤ ማዞር፣ ከጎን ማየት፣ ከሥር ማየት ይቻላል። በነገራችን ላይ የዚህን ስሌት መሠረት ከጣሉት አንዱ የአህጉራችን ልጅ ናቸው። አለን ኮርማክ ይባላሉ፤ ጆሃንስበርግ ተወልደው፣ ሐሳቡን የጀመሩት በ1956 ኬፕታውን በሚገኝ ሆስፒታል በትርፍ ሰዓት ሲሠሩ ነው። መሣሪያውን የሠሩት እንግሊዛዊው ሃውንስፊልድ ናቸው፤ በ1971 ለንደን ውስጥ መጀመሪያ የተነሳችው በሽተኛ ሴት ነበረች። ሁለቱ ሰዎች በ1979 ኖቤል ተካፈሉ።

አሁን ወደ ሁለተኛዋ እህታችን እንምጣ። እሷም ፈቅዳልናለች፤ እንዲያውም የዛሬውን ቡና ያፈላችልን እሷ ናት።

እህታችን ከአየር ጤና ገበያ ስትመለስ መንገድ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ካልቆመች ባቷ አላስኬድ ይላታል። ስትቆም ይለቃታል፣ ስትሄድ ይመለሳል። እርጅና ነው ብላ አንድ ዓመት ዝም አለች። እባካችሁ ይህንን ልብ በሉ፤ ስትሄዱ የሚይዝ፣ ስትቆሙ የሚለቅ የባት ሕመም የድካም ብቻ አይደለም፤ የደም ሥር መጥበብ ሊሆን ይችላል። በኋላ ትንሿ ጣቷ ቆሰለች። ሲቲ ስካን ሲታዘዝላት ደንቡ ያው ነበር። ይሁን እንጂ የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው በልዩ ውሳኔ፣ በሁለተኛው ቀን እንድንከፍል ፈረመልን። ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ተይዟል፤ ኦዲተር ቢጠይቀን እናሳያለን።

ከእኛ አንዷ አጅባት ሄደች። ሐኪሙ ምስሉን ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ አሳየን። አጥንቷ ነጭ፣ ደም ሥሮቿ ቀይ ሆነው ይታያሉ። አንድ ነገር ጫን ሲያደርግ አጥንቱ ሁሉ ጠፍቶ ደም ሥሩ ብቻ እንደ ዛፍ ሥር ተንጠልጥሎ ቀረ። ዳሌዋ አካባቢ አንድ ቦታ አሳየንና «ከፊት ስታዩት ጥቂት የጠበበ ይመስላል» አለ። ከዚያ ወደ ጎን አዞረው። በክር የታሰረ ይመስል ነበር! ጥላውን ብቻ ብናይ ኖሮ «ደህና ናት» ተብላ ትመለስ ነበር ማለት ነው። ቀጥሎ ስፋቱንና ርዝመቱን በሚሊሜትር ለካ። ስቴንት እንደ ጫማ በቁጥር ነው የሚገዛው፤ ከማሸጊያው ከወጣ ደግሞ አይመለስም። ጠቦ ቢገኝ ቦታውን ይለቃል፣ ሰፍቶ ቢገኝ ደም ሥሩን ይጎዳል። የሂሳብ ሰዎች ስለሆንን ይህች ነገር ጆሯችን ውስጥ ቀረች፤ ልኬቱ የተበላሸ ግዢ ስንት ጊዜ አይተናል?

በሥራው ቀን ሐኪሙ ሁለት ስክሪን ከፊቱ ነበረው፤ በአንዱ በዚያች ደቂቃ የሚነሳው ራጅ፣ በሌላው ያ የሚዞረው ምስል። አንዱን እያየ፣ ሌላውን እያመሳከረ ሽቦውን ነዳው። እህታችን ነቅታ ስለነበር «ሲያዩ ሲመለሱ፣ እኔን ረስተው ቴሌቪዥን የሚያዩ መሰለኝ» ብላ አስቃናለች።

አዲሶቹ መሣሪያዎች ደግሞ ሁለቱን ስክሪን አንድ ያደርጓቸዋል። እንደ ማጭድ የጎበጠው የራጁ ክንድ መድኃኒቱ እየገባ ሳለ በሽተኛዋን በጥቂት ሴኮንድ ይዞራትና እዚያው አልጋው ላይ የሚዞር ምስል ይሠራል። ወይም ቀደም ብሎ የተነሳው ሲቲ ስካን ይመጣና በአጥንቶቹ ልክ በቀጥታው ራጅ ላይ ይነጠፋል። ጥልፍ የምትሠሩ ይህ ይገባችኋል፤ ንድፉ ጨርቁ ላይ አለ፣ መርፌው የሚሄደው በንድፉ ላይ ነው። አልጋው ሲንቀሳቀስ፣ ክንዱ ሲዞር ንድፉም አብሮ ይዞራል። ስለዚህ መንገዱን ለማየት በየደቂቃው መድኃኒት መወጋት አያስፈልግም፤ ጨረሩም ይቀንሳል። ነገር ግን ጨርቁ ከተንሸራተተ ንድፉ ይስታል። በሽተኛዋ ስትተነፍስና ስትነቃነቅ፣ ወይም ጠንካራው ሽቦ ገብቶ ጠማማውን ደም ሥር ቀጥ ሲያደርገው፣ ምስሉና ሥጋው ይለያያሉ። ለዚህ ነው ፊኛው ከመነፋቱ በፊት ሐኪሙ ጥቂት መድኃኒት ሰጥቶ የሚያረጋግጠው። «አትተንፍሺ» ሲሏችሁ አትተንፍሱ፤ በከንቱ አይደለም።

የእህታችን ዳሌ ላይ ስቴንት ገባ፣ ታፋዋ ላይ በፊኛ ተከፈተ። ትንሿ ጣቷ አልተረፈችም። እግሯ ግን አለ፤ ቡናውን ይዛ ስትዞር አይታችኋል።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት ደግሞ እንናገር፤ የሰው ብቻ ብንናገር አያምርብንም። እህታችን ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው ስትላክ ሲዲውን አምጪ ተባለች። ሲዲው እኛ ዘንድ ነበር። የምስል ማዕከሉ ደረሰኙን፣ የጽሑፍ ውጤቱንና ሲዲውን በአንድ ፖስታ አድርጎ ነበር የሰጠን። እኛ ለደረሰኙ ነበር የጓጓነው፤ ቁጥሩ አለ፣ ማኅተሙ አለ፣ እሰይ ብለን ፖስታውን እንዳለ ፋይል ውስጥ ልናስገባው በትልቁ ፓንች በሳነው። ቀጭ አለ። ሲዲው ከጠርዙ እስከ መሐል ተሰነጠቀ።

ኩላሊቷ ትንሽ የደከመ ነው ተብላ ነበርና፣ ፎቶው ይደገም ቢባል ያንን መድኃኒት እንደገና ልትወጋ ነው። ሁለት ሌሊት አልተኛንም። ደግነቱ የምስል ማዕከሉ ምስሉን ኮምፒውተሩ ውስጥ አስቀምጦት ስለነበር ሌላ ሲዲ ገለበጠልን። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቢሯችን ግድግዳ ላይ «መጀመሪያ ሲዲውን አውጡ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የጽሑፉ ውጤት አይበቃም ወይ ለምትሉ፣ አይበቃም። ወረቀቱ «ጠቧል» ይላል እንጂ አይዞርም፤ ሐኪሙ የሚለካው ሲዲው ላይ ነው።

የሚታዘዝላችሁ ካለ ጥቂት ነገር እንንገራችሁ። ስኳር ወይም ኩላሊት ካለባችሁ ከመነሳታችሁ በፊት የኩላሊት ምርመራችሁን አሳዩ፤ የምትወስዱት የስኳር ኪኒን ሜትፎርሚን ከሆነ ማቆም እንዳለባችሁና እንደሌለባችሁ ሐኪሙን ጠይቁ እንጂ በራሳችሁ አታቁሙ። ከዚህ በፊት መድኃኒቱ አሳክኳችሁ ወይም አሳብጧችሁ ከሆነ፣ እርግዝናም ከተጠራጠራችሁ አትደብቁ። መድኃኒቱ ሲገባ ሰውነት ሁሉ ይሞቃል፣ ሽንት ያመለጣችሁም ይመስላችኋል። አላመለጣችሁም! እህታችን ይህን ሳይነግሯት ገብታ በሀፍረት ልትሞት ነበር።

ይህ ሁሉ የሀብታም አገር ወሬ ነው እንዳትሉ። በጥቁር አንበሳ ግቢ፣ በዶክተር በላይ አበጋዝ መሥራችነት የተቋቋመው የልብ ሕሙማን ሕጻናት ማዕከል ከ2009 ጀምሮ አለ። ሕጻን ሲወለድ መዘጋት የነበረበትና ሳይዘጋ የሚቀር የደም ሥር አለ፤ እዚያ ደረት ሳይከፈት በብሽሽት በኩል በገባ ቱቦ መዝጊያ ተቀምጦላቸው ወደ ቤታቸው የተመለሱ ልጆች አሉ። ሥራው በከተማችን አለ። የጎደለው ብዙ ጊዜ በሽተኛዋ በሰዓቱ መድረሷ ነው።

ወደ ደንቡ እንመለስ። ረቂቁ አጭር ነው። «ለቀዶ ሕክምና» ከሚለው ቀጥሎ «እና ሐኪም ለሚያከናውነው ሕክምና መመሪያ እንዲሆን በጽሑፍ ላዘዘው ምስል» የሚል ይገባል። ክፍያው በሁለት ፈራሚዎች በአንድ ቀን ውስጥ ይወሰናል፤ ገንዘቡ በአባሏ እጅ ሳይሆን በቀጥታ ለምስል ማዕከሉ ይሄዳል። ደረሰኙ ለእኛ፣ ሲዲው ለአባሏ።

ተቃውሞ እንዳለ እናውቃለን፤ በየቡናው ሰምተናል። «ራሷን ያመማት ሁሉ ሲቲ ስካን ክፈሉልኝ ልትል ነው» ያላችሁ አላችሁ። ስጋቱ ትክክል ነው። ስለዚህ ነው ትዕዛዙ ላይ የሚደረገው ሕክምና ስም መጻፍ አለበት ያልነው፤ እንዲሁ ለማየት የሚነሳው እንደ ድሮው የአባሏ ነው። የጤና መድን ደብተር ያላት አስቀድማ በመንግሥት ሆስፒታል ትሞክር፤ መሣሪያው ተበላሽቶ ወይም ወረፋው ረዝሞ ወደ ግል ስትላክ ያን ጊዜ ማኅበሩ ይግባ።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? መዋጮ ጨምሩ አንልም፤ ዘንድሮ ጤፍ የገዛችሁ ሁሉ ለምን እንደማንል ታውቃላችሁ። የምንለው ለዓመታዊው በዓላችን ለድንኳን፣ ለወንበርና ለምግብ ከምናወጣው ግማሹ ወደዚህ መደብ ይዙር ነው። ይህ የሚያስከፋችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን፤ በዓመት አንድ ቀን ተሰብስበን የምንስቅበት ቀን ነው፣ እኛም እንወደዋለን። አዳራሹ ውስጥ የራሳችንን ወንበር ይዘን፣ ወጡን ከየቤታችን ሠርተን ብንመጣ ግን ሳቁ የሚቀንስ አይመስለንም። የማይስማማ ሌላ ምንጭ ያሳየን፣ ሂሳቡን አብረን እንሥራ።

ረቂቁ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አለ። ማንበብ የሚያስቸግራት እናት ካለች ከእኛ አንዷ ታነብላታለች። ድምፅ የምንሰጠው ከቡና በኋላ ነው። እስከ ዛሬ የደገፈ ይነሳ እያልን ነበር የምንቆጥረው፤ ሰብሳቢዋን ለምነን ዛሬ እጅ በማውጣት እንዲሆን አድርገናል። እናታችን ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ክራንቻቸውን ወንበሩ ሥር አድርገው ተቀምጠዋል።